የእናቴን ጋቢ በ750 ብር?

የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም የምትኖሩ ታውቁታላችሁ። ውኃ የሚመጣው በፈረቃ ነው። በመጣ ቀን ጀሪካን ይሞላል እንጂ ጋቢ አይታጠብም። ባለ አራት ድርብ ጋቢ ውኃ ከጠጣ በኋላ ብቻዬን ጨምቄ አልችለውም። ስለዚህ ሰፈራችን ላለ ላውንደሪ ሰጠሁ። 250 ብር ከፍዬ «ጋቢ 1» የሚል ቁራጭ ወረቀት ተቀበልኩ።

ይኸው አምስት ሳምንት ሆነው። ጋቢው የለም።

መጀመሪያ «አልደረሰም» አሉኝ። ቀጥሎ «በስህተት ሰው ወስዶት ይሆናል፣ ይመልሰዋል»። ከዚያ «ባለቤቱ የለም፣ ነገ ነይ» ተጀመረ። መገናኛ ታክሲ ተሰልፌ፣ ሳይዘጉ ልድረስ ብዬ ስንት ምሽት ሮጥኩ! ቅዳሜ ባለቤቱ ተገኘ። «እህቴ፣ ደንባችን የማጠቢያው ሦስት እጥፍ ነው» ብሎ 750 ብር ቆጠረልኝ። አልተቀበልኩም። በዚህ ብር ዛሬ የትኛው ሸማኔ ነው ጋቢ የሚሠራው?

ደግሞ ጥጡን የፈተለችው እናቴ ናት። ደብረ ብርሃን፣ ቤታችን ደጃፍ ተቀምጣ፣ ዳምጣ፣ ባዝታ፣ እንዝርቷን ስታሾር ነው ያ ክረምት ያለፈው። አንዱን ጥግ የቡና ከሰል ፍንጣሪ አቃጥሎት ነበር። ነጭ ክር ስታጣ በቢጫ ጠቀመችው። ይህን ምልክት ለሠራተኛው ልጅ ነገርኩት። ከመደርደሪያው ሌላ ጋቢ አወረደና «ይሄስ አይሆንሽም?» አለኝ። የሰው ጋቢ እኮ ነው! የጋቢው ባለቤት ሲመጣ ምን ሊሉት ነው?

ወረዳ ንግድ ጽሕፈት ቤት ሄድኩ። «የተገዛበት ደረሰኝ አለሽ?» ተባልኩ። እናት ለልጇ ለሰጠችው ነገር ደረሰኝ ከየት ይመጣል?

የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማች በወሰደው አገልግሎት ለደረሰበት ጉዳት ካሳ የማግኘት መብት እንዳለው ይናገራል። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግም ስለ አደራ ራሱን የቻለ ክፍል አለው። ደግሞስ «አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ» እየተባልን አይደል ያደግነው? እነሱ ግን ወረቀታቸው ግርጌ ላይ በደቃቅ ፊደል «ለጠፋ ዕቃ ኃላፊነት አንወስድም» ብለዋል። ኃላፊነት ካልወሰዳችሁ የሰው ዕቃ ለምን ትወስዳላችሁ?

ሀብት አልጠየቅኩም። ለጥጡ፣ ለፈታይዋና ለሸማኔው የሚከፈለውን ይክፈሉኝ። «አጥፍተናል» ይበሉኝ። ይህን ቃል እስከ ዛሬ ከአንዳቸውም አልሰማሁም።

ሰኞ ጋቢውን የሚያውቁ ሁለት ጎረቤቶቼን ለምስክርነት ይዤ ወረዳ እመለሳለሁ። እናቴ ትናንት ማታ ደውላ «ብርዱ በርትቷል አሉ፣ ጋቢሽን ደርበሽ ተኚ» አለችኝ። «እሺ እማዬ» አልኳት። እስካሁን አልነገርኳትም።