በሊትር ስንት ይሄዳል?

አሜሪካ ውስጥ ሃይብሪድ መኪና፣ ማለትም የቤንዚንና የኤሌክትሪክ ሞተር አጣምሮ የያዘ መኪና፣ መንዳት ከጀመርኩ ዓመታት ተቆጥረዋል፤ አዲስ አበባ በመጣሁ ቁጥር ደግሞ ተመሳሳይ መኪና ከሚነዳው ታናሽ ወንድሜ ጎን ተቀምጬ ከተማውን እዞራለሁ። ስለ እንዲህ ዓይነቱ መኪና በሁለቱ አገሮች የሚባለው ነገር የተገለባበጠ መሆኑን የታዘብኩት ከዚያ ወንበር ላይ ሆኜ ነው። በውጭ የምንኖረው በረጅም አውራ ጎዳና እየነዳነው ቆጣቢነቱን እናወድሳለን፤ አገር ቤት ያሉት ግን ቀኑን ሙሉ በተጨናነቀ መንገድ እየነዱት «ባትሪው አንድ ቀን ጉድ ይሠራናል» እያሉ በጥርጣሬ ያዩታል። መኪናው የሚስማማው ግን ከእኛ መንገድ ይልቅ ለእነሱ መንገድ ነው።

ተራ የቤንዚን መኪና ከተማ ውስጥ ነዳጅ የሚያባክነው በተለይ በሁለት ምክንያት ነው፤ ቆሞም ሞተሩ ስለሚሠራ፣ እንዲሁም ፍሬን በተያዘ ቁጥር ፍጥነቱን ያገኘበት ጉልበት ሙቀት ሆኖ ስለሚጠፋ። ሃይብሪድ ሲቆም ብዙ ጊዜ ሞተሩን ያጠፋል፤ ፍሬን ሲያዝም የኤሌክትሪክ ሞተሩ እንደ ጄኔሬተር ሆኖ የጉልበቱን ከፊል ወደ ባትሪው ይመልሳል። በሰዓት 110 ኪሎ ሜትር በሚጋለብበት አውራ ጎዳና ላይ ግን መቆምም ፍሬን መያዝም እምብዛም የለም፤ አብዛኛውን ጉልበት የሚበላው ነፋስ ነው፣ ነፋስ የወሰደውን ደግሞ ባትሪ አይመልሰውም። ለዚህ ነው የ2010 ሞዴል ቶዮታ ፕሪየስ በአሜሪካ መንግሥት ልኬት በአንድ ጋሎን ከተማ ውስጥ 51፣ በአውራ ጎዳና 48 ማይል ይሄዳል ተብሎ የተመዘገበው። በእኛ ስሌት በሊትር 21.7 እና 20.4 ኪሎ ሜትር ገደማ መሆኑ ነው። በተራ መኪና ላይ ብልጫው የአውራ ጎዳናው ነው።

ይህ ሁሉ የወረቀት ቁጥር ነው፤ ብርዱ ሲመጣ ሌላ ነው። የአሜሪካ መንግሥት ራሱ እንደሚገልጸው፣ ሙቀቱ ከ25 ዲግሪ ወደ ዜሮ በታች 7 ዲግሪ ሲወርድ ተራ መኪና በከተማ ጉዞ ከቆጣቢነቱ 15 በመቶ ያህል ሲያጣ፣ ሃይብሪድ ግን ከ30 እስከ 34 በመቶ ያጣል። የቀዘቀዘ ባትሪ እንደ ልቡ ጉልበት አይቀበልም፤ ሞተሩም መጥፋት በሚችልበት ሰዓት የተሳፋሪውን ክፍል ለማሞቅ ሲል እየሠራ ይቆያል። ወንድሜ ይህን ጣጣ አያውቀውም።

አዲስ አበባ በበኩሏ የራሷ ጣጣ አላት። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ አየሩ አንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው፤ ዳገት ላይ የቤንዚን ሞተሩ ሲዳከም የኤሌክትሪክ ሞተሩ ግን ኃይሉ አይቀንስም፤ ይህ ለሃይብሪድ ጥሩ ነው። ቁልቁለቱ ግን የሚታሰበውን ያህል አያተርፍም። ባትሪው ትንሽ በመሆኑ ከእንጦጦ ስንወርድ መንገዱ ሳይጋመስ ይሞላል፤ ከዚያ በኋላ ያለው የቁልቁለት ጉልበት ሁሉ ለነዳጅ ቁጠባ የማይረባ ይሆናል።

ከሁሉም የከፋው አቧራው ነው። በብዙ ሃይብሪዶች ባትሪው የሚቀዘቅዘው ከኋላ ወንበር አጠገብ ባለች ትንሽ ወንፊት በኩል ከተሳፋሪው ክፍል በሚሳብ አየር ሲሆን፣ ያቺን ቀዳዳ አቧራ ወይም የተሳፋሪ ሻንጣ ሲደፍናት ባትሪው ይግላል፣ ኮምፒውተሩም ባትሪውን ለመጠበቅ ሥራውን ይቀንስበትና ሸክሙ ወደ ቤንዚን ሞተሩ ይዞራል። ባለፈው ጉዞዬ ወንድሜ «ጋሼ፣ ይሄ መኪና መብላት ጀምሯል» አለኝ፤ አንድ ጋራዥ ባትሪው ይቀየር ብሎት ነበር። ወንፊቱን ፈታን፤ ማራገቢያው በአቧራ ተለብዶ ጥጥ የለበሰ ይመስላል። እሱን ጠርገን መለስነው።

ከዚያ በኋላ ልኬቱን በዳሽቦርዱ ቁጥር እንዳያምን አስማማሁት፤ የእኔ ሰሌዳ ሁልጊዜ ከማደያው ሒሳብ ከፍ አድርጎ ያሳየኛልና። ታንኩን ሞልቶ፣ ኪሎ ሜትሩን መዝግቦ፣ እንደገና ሲሞላ የተጓዘውን በገባው ሊትር ማካፈል ነው፤ አንድ ጊዜ ብቻ ሳይሆን አምስት ስድስት ጊዜ ደጋግሞ። አንድ ነገር ግን አከልኩለት፦ በሊትር ከ10 ወደ 20 ኪሎ ሜትር መሻገር በ100 ኪሎ ሜትር 5 ሊትር ሲያድን፣ ከ20 ወደ 25 መሻገር የሚያድነው 1 ሊትር ብቻ ስለሆነ፣ በላይኛው ቁጥር ላይ መጨነቅ ትርፉ ጥቂት ነው።

ከወር በኋላ በስልክ የነገረኝ ቁጥር 19 ነበር። የእኔ የጥር ወር መዝገብ ከ15 አላለፈም፤ እሱም ይህን ሲሰማ ሳቀብኝ።