መጨረሻው ላይ ይጋባሉ

ገጽ 41 ላይ ነበርኩ። ጣቴን መጽሐፉ ውስጥ ሰክቼ ውሃ ልጠጣ ብድግ ስል ወዳጄ ሽፋኑን አየችው። «ውይ፣ እሱን ነው የያዝከው? መጨረሻው ላይ እኮ ይጋባሉ!» ጠይቄያታለሁ? አልጠየቅኳትም።

እንዲህ ያሉ ሰዎች አሉ። መጽሐፍ ይዘህ ካዩህ መጨረሻውን ካልነገሩህ እንቅልፍ አይወስዳቸውም። ስትቆጣ ደግሞ «ኧረ ዋናውን ገና አልነገርኩህም» ይሉሃል። ከሠርጉ ወዲያ ምን ዋና ነገር ቀረ?

እውነቱን ለመናገር ሽፋኑም ያሳብቃል። ሰውየው ቦክሰኛ ነው። ተጋጣሚውን መትቶ ጥሎት፣ ተጋጣሚው አልነሳ ብሎበት፣ ከዚያ ወዲህ ሌሊት ሌሊት እየባነነ አንዲት ትንሽ ከተማ ገብቶ ይደበቃል። በዚህ ዓይነት ልብ ወለድ ትንሽ ከተማ ማለት አንዲት ነርስ፣ አንዲት ሐሜተኛ አሮጊትና አንድ ዝናብ ማለት ነው። ዝናቡ የሚጥለው ሁለቱ ብቻቸውን ሲሆኑ ነው።

እኔን ያበሸቀኝ ገጽ 38 ነው። ጀግናችን አንዱን ጉልበተኛ በባዶ እጁ አፉን ይለዋል። የጣቱ አንጓ በሰውየው ጥርስ ይቆረጣል። ነርሷ በእኩለ ሌሊት ማድ ቤቷ ውስጥ አስቀምጣ ቁስሉን ትሰፋለታለች። ዓይን ለዓይን ይተያያሉ። ምዕራፉ ያልቃል። ኧረ ተው! በጥርስ የተቆረጠ አንጓ እኮ የሰው ንክሻ ነው። የሰው አፍ የባክቴሪያ መናኸሪያ ነው። ቁስሉ በደንብ ይታጠባል፣ ብዙውን ጊዜ ሳይሰፋ ክፍቱን ይተዋል፣ አንቲባዮቲክ ይታዘዛል፣ የጥርስ ስባሪ ገብቶ እንደሆነም በራጅ ይታያል። እንዲያ ጥርቅም ተደርጎ የተሰፋን ሰው ልብ ወለድ ውስጥ ፍቅር ይይዘዋል፤ ከልብ ወለድ ውጪ መግል ይይዘዋል።

በነርሶች ላይ ቂም አለብህ ካላችሁኝ፣ በአንዷ ላይ አለብኝ። ልጅ ሆኜ መርፌውን ከኋላዋ ደብቃ «አያምም» አለችኝ። አመመኝ። ዛሬም «አያምም» የሚለኝን ሰው ሁሉ እጁን ነው የማየው። እሷ እንኳን እኔን፣ የዚያን ቀን ማታ እራቷን ምን እንደበላች አታስታውስም። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ማለት ይኼ ነው። ለእኔ ደግሞ ቃል በቃል።

ይህን ተረት እወደዋለሁ። የአሜሪካ የአእምሮ ሐኪሞች ማኅበር ቦክሰኛውን ሌሊት ሌሊት የሚያባንነውን፣ ከአስደንጋጭ አደጋ በኋላ የሚመጣውን የአእምሮ ሕመም በይፋ መዝገቡ ላይ ያሰፈረው እ.ኤ.አ. በ1980 ነው። ተረታችን ቀድሞታል፤ ያውም በአንድ መስመር። እርግጥ ቦክሰኛው ራሱ ወግቶ ራሱ አልረሳም። ተረቴን ግን አትንኩብኝ።

ደራሲው የነፍስን ቁስል ከሪንግ ሕግ ጋር ሳያምታታው አልቀረም። እ.ኤ.አ. ከ1867 ጀምሮ የቦክስ ሕግ የወደቀ ሰው እንዲነሳ 10 ሰከንድ ይሰጠዋል። ቀሪውን ገለጥ ገለጥ አድርጌ እንዳየሁት ጀግናችንም ምዕራፍ 3 ላይ ወድቆ ምዕራፍ 10 ላይ ቆሟል። በሐኪም ቤት ግን ለዚህ ሕመም ከባለሙያ ጋር በመነጋገር የሚሰጠው አንዱ የታወቀ ሕክምና ብቻ ከ8 እስከ 15 ቀጠሮ ይፈልጋል፤ ያውም ከቤት ሥራ ጋር። እዚህ መጽሐፍ ውስጥ አንድም ቀጠሮ የለም። ቀጠሮውም ባለሙያውም ክኒኑም ነርሷ ናት።

እዚህ ላይ ቀልዱን እንተወው። እሷም እኮ ቆስላለች፤ ሽፋኑ ላይ «ሁለት የተሰበሩ ልቦች» ይላል። የእሷ ስብራት ስንት ገጽ ተሰጠው? አንድ ተኩል። ቆጥሬያለሁ። 12 ሰዓት ሙሉ የሰው ሕመም ስትሸከም ውላ ቤቷ ስትገባ ሌላ በሽተኛ ደጇ ላይ ቆሞ ይጠብቃታል። ይኼኛው ፈረቃ ደግሞ ደሞዝም መውጫ ሰዓትም የለውም። ነርስ ከታካሚዋ ጋር ፍቅር እንዳትጀምር የሙያ ሥነ ምግባሯ እንደሚከለክላትማ ማን አስታውሶ! መጽሐፍ ላይ ቢቀር ባልከፋ። ሌሊት እየባነነ ለሚጮህ በሕይወት ላለ ሰው «አግባ፣ ይለቅሃል» የሚል መካሪ ግን ሞልቷል። የሚያገባትን ልጅ የጠየቃት የለም። እሷ ምን ይልቀቃት?

ምን ላይ ነበርኩ? አዎ፣ ወዳጄ። መጽሐፉ እስካሁን ገጽ 41 ላይ ነው። ትናንት ደወለችልኝ። «ሁለተኛውን ቅጽ አገኘሁልህ! የወንድሙ ታሪክ ነው፤ እሱ ደግሞ መጨረሻው ላይ...» ጆሮዋ ላይ ዘጋሁት።

ወንድሙ የእሳት አደጋ ሠራተኛ ነው መሰለኝ። ከመዝጋቴ በፊት ያን ያህል ሰምቻለሁ።