የቤት ምግብ ነው ብላችሁ ከሸጣችሁ እንደ ቤት ሥሩት

ወገን፣ ይህ ነገር አንገሽግሾኛል! ዋሽንግተንና ዙሪያዋ አዲስ የአሜሪካ ኮምፎርት ፉድ (የቤት ዓይነት ምግብ) ቤት በተከፈተ ቁጥር ሰልፉ ረጅም፣ ዋጋው እሳት፣ ምግቡ ግን ያው ነው። ፍራይድ ቺክን (ጥብስ ዶሮ)፣ ማክ ኤንድ ቺዝ (መኮሮኒ በቺዝ)፣ ቢስኪት (ትንሽ ለስላሳ ዳቦ)፣ ኮላርድ ግሪንስ (ጎመን)። ዱቄት፣ ወተት፣ ዶሮና ጎመን እንጂ ውድ ዕቃ የለበትም። ደንበኛው የሚከፍለው ለሚወስደው ጊዜ ነው፤ ወጥ ቤቱ የሚዘለው ደግሞ ያንኑ ጊዜ!

ዶሮውን እንይ። አጥንት ያለው ጭን ጨው በገባበት አሬራ ተዘፍዝፎ ማደር አለበት፤ ጨው ወደ ውስጥ የሚዘልቀው ቀስ ብሎ ነው። ከዚያ ዘይቱ ከ325 እስከ 350 ዲግሪ ፋራናይት ላይ ተይዞ ሩብ ሰዓት ገደማ ይጠበሳል። ዓርብ ማታ ቤቱ ሲሞላ ግን ቀዝቃዛው ዶሮ ቅርጫቱ ውስጥ ይጠቀጠቃል። የዘይቱ ሙቀት ይወርዳል፣ ሽፋኑ ቶሎ አይደርቅም፣ ዘይት ይጠጣል። ያ እንዳይሆን ብለው እሳቱን ሲጨምሩ ደግሞ ውጩ ይጠቁርና አጥንቱ ጋ ሳይደርስ ይወጣል። የአሜሪካ ግብርና ሚኒስቴር ለዶሮ ያስቀመጠው ዝቅተኛው የውስጥ ሙቀት 165 ዲግሪ ነው፤ ጭን ግን 175 ካላለፈ ጅማቱ አይላላም። ይህን የሚለካ ቴርሞሜትር ከአንድ ሳህን ዶሮ ዋጋ አይበልጥም።

አጥንቱ አጠገብ ቀላ ስላለ ብቻ ጥሬ ነው አትበሉ፤ ከመቅኔው የሚወጣ ቀለምም ያቀላዋል። ሥጋው ከአጥንቱ አልላቀቅ ካለና ሲቆረጥ እንደ ላስቲክ ከተሳበ ግን ሳትሸማቀቁ መልሱት። በደንብ የተጠበሰውንም ቢሆን ወረቀት ላይ ከምረው ያበላሹታል፤ የራሱ እንፋሎት ከሥር ያለሰልሰዋል። በሽቦ ወንፊት ላይ ማሳረፍ ምን ያህል ከባድ ነው?

ማክ ኤንድ ቺዙ የበለጠ ያናድዳል። ለአንድ ኩባያ ወተት ሁለት የሾርባ ማንኪያ ቅቤና ሁለት ዱቄት፤ ቅቤና ዱቄቱ ይቁላላል፣ ወተቱ ቀስ እየተባለ ይጨመራል፣ እስኪወፍር ይማሰላል። ቺዙ የሚገባው እሳቱ ከጠፋ በኋላ ነው። እላዩ ላይ ከፈላ ፕሮቲኑ ይቋጠራል፣ ስቡ ይለያል፤ ሳህኑ ዳር ቢጫ ዘይት፣ ምላስ ላይ አሸዋ። ተፈቅፍቆ በከረጢት የሚሸጠው ቺዝም እንዳይጣበቅ ስታርች ስለሚነሰነስበት እንደ ልብ አይቀልጥም። ብዙ ቤት ግን ጉልበት ለመቆጠብ እሱን ይገዛል። ቢስኪቱን እንኳን ተዉት፤ ቅቤው ቀዝቃዛ ካልሆነና ሊጡ ከታሸ ድንጋይ ነው የሚሆነው።

ዋናው ብሶቴ ጎመኑ ላይ ነው። የእኛ ሰው ኮላርድ ግሪንስ ሲያይ የቤቱ ጎመን ትዝ ብሎት ያዛል። በአሜሪካ ደቡባዊ ግዛቶች አሠራር ግን ይህ ጎመን ከአንድ ሰዓት በላይ የሚበስለው ብዙ ጊዜ በጭስ ከደረቀ የአሳማ ቁርጭምጭሚት ወይም ከቤከን ጋር ነው። ፎሶሊያውና ባቄላውም እንዲሁ። ነጩ ግሬቪ (ወፍራም ስጎ) ከአሳማ ቋሊማ ስብ ሊነሳ ይችላል፣ የበቆሎ ዳቦው በቤከን ስብ ሊጋገር ይችላል፣ ቢስኪቱ የአሳማ ስብ ሊኖረው ይችላል። ባህላቸው ነው፣ አክብረው ይሥሩት፤ ግን ሜኑው ላይ ይጻፍ! ጎመኑ «አትክልት» ከሚለው ሥር ተቀምጦ አሳማ መያዙ ሙስሊሙንም ኦርቶዶክሱንም መናቅ ነው።

አስተናጋጁን «ሥጋ አለው?» ካላችሁት «የለውም» ሊላችሁ ይችላል፤ ሥጋው ወጥቶ መረቁ ቀርቷላ። «በምን መረቅ በሰለ? የአሳማ ስብ ገብቶበታል?» ብላችሁ ጠይቁ። አንዳንዱ ቤት በጭስ የደረቀ የተርኪ (የቱርክ ዶሮ) ሥጋ ይጠቀማል፣ እሱንም ይነግሯችኋል። ጾም ላይ ያላችሁ ደግሞ ድንች ጥብሱ ዶሮው በተጠበሰበት ዘይት እንዳይሆን አጣሩ፤ መጥበሻው አንድ ብቻ የሆነበት ቤት ብዙ ነው።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ሂሳብ ይመጣል። በዲሲ የ100 ዶላር ምግብ ላይ 10 ዶላር ታክስ አለ። ቤቱ 20 በመቶ ሰርቪስ ቻርጅ (የአገልግሎት ክፍያ) ከጨመረ 130 ደረሰ። ከዚያ የካርድ ማሽኑ ቲፕ (ጉርሻ) ይጠይቃል፤ አንዳንዱ 20 በመቶውን የሚያሰላው ከ130ው ላይ ስለሆነ 26 ዶላር ይላችኋል። በፌዴራል ሕግ ግዴታ የሆነ ሰርቪስ ቻርጅ ቲፕ አይደለም፣ የድርጅቱ ገቢ ነው፤ ለሠራተኛው መድረሱን የሚወስነው ቤቱ ነው። ብዙ ልጆቻችን በዚህ ሥራ ላይ ናቸውና ማሽኑን ከመንካታችሁ በፊት አስተናጋጇን «ሰርቪስ ቻርጁ ለእናንተ ይደርሳል?» በሏት። አይደርስም ካለች በምግቡ ዋጋ ላይ ብቻ አስልታችሁ በጥሬ ገንዘብ እጇ ላይ ስጧት፤ ስለ ሰርቪስ ቻርጁ ደግሞ ማናጀሩን አስጠርታችሁ ጠይቁ።