ሳይ 30 ብር

ደሴ ፒያሳ አካባቢ አንድ የሰፈራችን ልጅ ካፌ ከፈተ። ቡናው ግሩም ነው። ሜኑው ግን ፈተና ነው። ፊደሉ ሁሉ በትንንሽ ካሬ የተካበ፣ ጠርዙ እንደ እርከን ደረጃ ደረጃ የሆነ።

«ፒክስል ፎንት ነው፤ ሬትሮ ይባላል» አለኝ።

ሬትሮ ማለት የድሮ ችግራችን ተወልውሎ በውድ ሲሸጥ መሆኑን ከማኪያቶው ዋጋ ተረዳሁ።

ድሮማ ፊደልን በነጥብ መካብ የውዴታ ጉዳይ አልነበረም። ስክሪኑ ጠባብ ነዋ! ኖኪያ 3310 ሙሉ ስክሪኑ 84 በ48 ነጥብ ብቻ ነበር። በ1984 (በፈረንጅ) ማኪንቶሽ የሚባለው የአፕል ኮምፒውተር ሲወጣ ሱዛን ኬር የምትባል ዲዛይነር ፊደሎቹን ነጥብ በነጥብ ደርድራ ነው የሠራቻቸው። ዛሬ ያው መልክ በጌም፣ በፖስተር፣ በቲሸርት ላይ ይታያል። የኛ ልጅ ደግሞ ሽሮ ላይ አዋለው።

የሚያስቀኝ ናፍቆቱ ነው። የኔ የድሮ ስልክ እኮ አማርኛ የሚባል አያውቅም! ፍቅራችንን እንኳ በላቲን ፊደል እየጻፍን ነው የጨረስነው። ልጁ የሚናፍቀው ያልነበረውን ነው።

ላቲን 26 ፊደል ይዞ በ8 ነጥብ ቁመት ተመችቶት ይኖራል። የኛዎቹ 33 አባት ከነልጆቻቸው 231 ናቸው። ቡ እና ቢን የምትለያቸው ጎን ላይ ያለች አንዲት ጭረት ናት፤ ትንሽ ዝቅ ካለች ቡናህ ቢና ነው። ሸ ደግሞ ኮፍያ ያጠለቀ ሰ ነው። በ8 ነጥብ ውስጥ ለኮፍያ ቦታ ከየት ይምጣ?

አንድ ቀን ሽርጥ የታጠቁ ሽማግሌ ገብተው ሜኑውን አራቁት፣ አቀረቡት።

«ልጄ፣ ሳይ 30 ብር ካላችሁኝ፣ ስጠጣ ስንት ልትሉኝ ነው?»

«አብሽሩ አባባ፣ ሻይ ለማለት ነው» አለች አስተናጋጇ።

አክስቴን ይዣት የሄድኩት በማግስቱ ነው። እትዬ በወጣትነቷ የጠለፈችው «እንኳን ደህና መጡ» የሚል ጨርቅ እስከ ዛሬ ሳሎኗ ግድግዳ ላይ አለ፤ ክር እየቆጠረች፣ መስቀል በመስቀል። ሜኑውን በጣቷ ዳሰሰችው።

«ማነው የጠለፈው?»

«በኮምፒውተር ነው እትዬ» አለ ልጁ አንገቱን ሰበር አድርጎ።

«ቁመቱ ስንት ነው?»

«ስምንት።»

«ስምንትማ ለሸ አይበቃም። አሥራ ሁለት አድርገው፤ ራሱ ላይ አንድ ረድፍ ባዶ ተውለት፣ ከዚያ ክዳኑን ጣል። እኔ ሁለቴ ፈትቼ ነው የገባኝ።»

ልጁ ስልኩን አውጥቶ ጻፈው። ሻዩንም ጋበዛት። ሜኑው ላይ ግን እስካሁን ሳይ ነው፤ ሁለት መቶ አሳትሞ ነበርና እሱ እስኪያልቅ ይጠበቃል።