ሠላሳ ሜትር አይበቃንም

ሰሞኑን ጨጓራዬን የላጠው የመሬት ከፍታ መረጃ ነው። ለአንዲት ትንሽ የመስኖ ቦይ ካርታ እየሠራሁ ነው። ውሃው በራሱ እንዲወርድ በ1,000 ሜትር ርቀት አንድ ሜትር ዝቅታ ይበቃዋል። በነፃ የማገኘው መረጃ ግን ኢንደቨር የተባለችው የጠፈር መንኮራኩር በየካቲት 2000 እ.ኤ.አ. በ11 ቀን ጉዞ በራዳር የለካችው ነው። አንዱ ፒክስል፣ ማለትም የመረጃው ትንሿ ነጥብ፣ 30 ሜትር በ30 ሜትር! ጎጆው፣ ማሳው፣ ገደሉ ተጨፍልቆ አንድ ቁጥር ይሆናል። የከፍታ ስህተቱ ራሱ በርካታ ሜትር ነው። እንዴት ብዬ ነው አንድ ሜትር የምለየው?

ትናንት ማታ ከዚሁ መረጃ ኮንቱር፣ ማለትም እኩል ከፍታ ያላቸውን ቦታዎች የሚያገናኙ መስመሮች፣ አወጣሁ። ወንዙ ሽቅብ ይፈሳል። የባህር ዛፉ ጥግ ኮረብታ ሆኖ ተነስቷል። እዚያ ቦታ ቆሜ አይቻለሁ፤ ሜዳ ነው።

የተሻለ መረጃ አለ የተባለበት ቢሮ አራት ጊዜ ተመላልሻለሁ። መጀመሪያ ደብዳቤ አምጣ ተባልኩ። አመጣሁ። ከዚያ ማህተሙ በደንብ አይታይም። ከዚያ ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው። አሁንም ነገ ና ነው። እንግሊዝ አገር እኮ የአንድ ሜትር የላይዳር (በሌዘር ጨረር የተለካ ከፍታ) መረጃ ማንም ሰው በነፃ ያወርዳል! በሕዝብ ገንዘብ የተለካ መሬት ለምን ይቆለፍበታል?

ድሮን ተከራይ ተባልኩ። ፈቃዱ ሌላ ደጅ ጥናት፣ ዋጋው ደግሞ አይቀመስም።

ገበሬዎቹ ክረምት ሳይገባ ሊቆፍሩ ዶማቸውን ስለዋል። ውሃው በየት በኩል እንደሚወርድ እስካሁን ልነግራቸው አልቻልኩም።