ግብረገብ በቃል ወይስ በእጅ?
በአዲሱ ሥርዓተ ትምህርት በአንደኛ ደረጃ የገባው የግብረገብ ትምህርት ልጆችን ደግ ያደርጋል የሚል ጽሑፍ አነበብኩ። መግባቱ እኔንም ደስ ብሎኛል፤ ግን የቤቴን ጉድ ልንገራችሁ። የ3ኛ ክፍል ልጄ «ታላላቆችን ማክበር» የሚለውን በቃሉ ይወጣዋል፣ ፈተናውንም ደፍኗል። የዚያኑ ዕለት ማታ አያቱ እጃቸውን ሊታጠቡ ሲነሱ እሱ ሶፋ ላይ ተጋድሞ ያያቸዋል! እኛ ማስታጠብን የተማርነው ማንቆርቆሪያና ሳፋ ይዘን ቆመን ነው (ውኃው እግራችን ላይ እየፈሰሰ)።

በጃፓን የአንደኛ ደረጃ ተማሪዎች ነጭ ጋውን ለብሰው ለጓደኞቻቸው ምሳ በተራ ያድላሉ፣ ክፍላቸውን ራሳቸው ያጸዳሉ፤ ከ5ኛ ክፍል ጀምሮ ደግሞ ወንድ ሴት ሳይባል መስፋትና ምግብ ማብሰል ይማራሉ። እኛስ? በአዲስ አበባ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ምገባው አለ፣ ልጆቹም አሉ። በተራ ቢያስታጥቡ፣ ሰሃን ቢያነሱ ምን ይጎዳል? ትኩሱን ወጥ ምግቡን ለሚያበስሉት እናቶች ይተዉት፤ ዳቦ ማደል ግን የ8 ዓመት ልጅ አያቅተውም።

አደራ፣ ጽዳቱ ቅጣት እንዳይሆን ብቻ። እኛ መጥረጊያ የሚሰጠን አርፍደን ስንመጣ ነበር፤ እስከ ዛሬ መጥረጊያ ሳነሣ ያረፈድኩ ይመስለኛል።