ከተማሪው አንገት ወደ መምህሩ ቅጽ

ክፍሉ መጨረሻ ወንበር ላይ ተቀምጫለሁ፤ ጉልበቴ ላይ የምልከታ ቅጽ አለ። ፊት ለፊት የቆመችው ዕጩ መምህርት የማስተማር ልምምዷን እየሠራች ነው። የዕለቱ ትምህርት በእንግሊዝኛ «እንዲህ ቢሆን ኖሮ» ማለትን ይመለከታል። አንድ ልጅ እጁን አወጣና በገዛ ቋንቋው ጠየቀ፦ «ነገሩ ጭራሽ አልሆነም፤ ታዲያ ለምን ያለፈ አስመስለው ይናገሩታል?» ብዙ አዋቂ የማያስበው ጥያቄ ነው። መምህርቷ መጀመሪያ ልጁን፣ ቀጥላ እኔን አየች። ከዚያ ቅድም ያለችውን የእንግሊዝኛ ማብራሪያ ድምጿን ከፍ አድርጋ ደገመችው። ልጁ እጁን አወረደ።

ስልኬ ጠራና ወጣሁ። በመስኮቱ በኩል ድምጿ ይሰማኛል። በልጆቹ ቋንቋ ሦስት አራት ዓረፍተ ነገር ተናገረች፤ ክፍሉ በአንድ አፍ «አሃ!» አለ፣ ሳቅም ተከተለ። ተመልሼ ስገባ እንግሊዝኛው ቀጥሏል። ቅጹ ላይ «ትምህርቱን ሙሉ በሙሉ በሚማሩት ቋንቋ ብቻ አቅርባለች» የሚል መስመር ነበር። ሙሉ ነጥብ ሰጠኋት።

የቋንቋ ትምህርትን ከቅኝ ግዛት አስተሳሰብ ስለማላቀቅ ብዙ ይወራል፤ ወሬው ግን አብዛኛውን ጊዜ መማሪያ መጽሐፉ ላይ ይቆማል። የለንደኑን አውቶቡስ በሌላ ሥዕል ተኩት፣ ጆንና ሜሪን አውጡና ልጆቹ የሚያውቁትን ስም አስገቡ ይባላል። ይደረግ፣ ክፋት የለውም። ነገር ግን የጆን ስም ቢቀየርም መምህር ጥሩ ወይም ደካማ የሚባልበት ሚዛን ያው የድሮው ከሆነ ምንም አልተነካም። ሚዛኑ ደግሞ ያለው እንደ እኔ ያለ ሰው ጉልበት ላይ ነው።

ያቺ የቅጽ መስመር የዘር ሐረግ አላት። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ዌልስ ውስጥ በአገሩ ቋንቋ በዌልሽ ሲያወራ የተገኘ ተማሪ አንገቱ ላይ ትንሽ እንጨት ይንጠለጠልበት ነበር። ከእንጨቷ የሚገላገለው ሌላ ልጅ በዌልሽ ሲናገር ከተያዘና ወደዚያኛው ከተላለፈች ነው፤ ቀኑ ሲያልቅ እንጨቷ የተገኘችበት ይቀጣል። ፈረንሳይ ውስጥ የብሬቶን ቋንቋ ተናጋሪ ልጆች፣ ጃፓን ውስጥ የኦኪናዋ ልጆች በተመሳሳይ ዘዴ ተቀጥተዋል። ኬንያዊው ደራሲ ንጉጊ ዋ ቲዮንጎም በተማረበት ትምህርት ቤት ኪኩዩ የተናገረ ልጅ የሚቀበላት የልብስ ቁልፍ እንዴት ከእጅ ወደ እጅ ትዞር እንደነበር ጽፏል። የዘዴው ብልጠት ቀጪው ሁልጊዜ መገኘት የማያስፈልገው መሆኑ ነው። ልጆቹ ራሳቸው አንዱ የሌላውን አፍ ሲጠብቅ ይውላሉ።

ዛሬ እንጨት አንገቱ ላይ የሚያንጠለጥል ትምህርት ቤት ቢገኝ ጉድ ይባላል። እንጨቷ ግን አልተጣለችም፤ ወደ መምህሩ ተዛውራለች። እኔ ስወጣ የተናገረችው፣ ስገባ ያቆመችው መምህርት ማን አንገቷ ላይ ምን እንዳንጠለጠለ ለማወቅ ሩቅ መሄድ አላስፈለገኝም።

መስመሯን የጻፈው ማነው ከተባለ አንድ ሰው መጥቀስ ይከብዳል። አስተሳሰቡ ግን ቦታና ቀን አለው። እ.ኤ.አ. በ1835 (ቀጥለው የሚመጡት ዓመታትም እንዲሁ ናቸው) በሕንድ የብሪታኒያ አስተዳደር ሹም የነበረው ቶማስ ማኮሌይ ስለ ሕንድ ትምህርት በጻፈው ማስታወሻ የአንድ ጥሩ የአውሮፓ ቤተ መጻሕፍት አንድ መደርደሪያ ብቻ ከሕንድና ከዓረብ ሥነ ጽሑፍ ሁሉ ይበልጣል አለ። እዚያው ማስታወሻ ላይ ሳንስክሪትም ዓረብኛም እንደማያውቅ ጽፏል። ይህን ሳነብ በማኮሌይ መሳቅ ቀሎኝ ነበር፤ ኋላ ግን ልጆቻቸው የሚናገሩትን ቋንቋ አንዲት ቃል ሳላውቅ ነጥብ የሰጠሁባቸውን ክፍሎች ቆጠርኩና ሳቄን ተውኩት።

ሁለተኛው ቦታ ዩጋንዳ የሚገኘው ማኬሬሬ ዩኒቨርሲቲ ነው። በ1961 መጀመሪያ፣ ዩጋንዳ ነፃ ልትወጣ ሁለት ዓመት ሳይሞላ፣ የኮመንዌልዝ አገሮች ባለሙያዎች እንግሊዝኛን እንደ ሁለተኛ ቋንቋ ስለማስተማር እዚያ ተሰብስበው መከሩ። የቋንቋ ምሁሩ ሮበርት ፊሊፕሰን በ1992 ከዚያ ጉባኤ አስተሳሰብ አምስት እምነቶችን ነቅሶ አወጣ፦ እንግሊዝኛ በእንግሊዝኛ ብቻ ይሰጥ፤ ምርጡ መምህር በቋንቋው አፉን የፈታ ነው፤ በለጋ ዕድሜ በተጀመረ ቁጥር ይሻላል፤ በበዛ ቁጥር ይሻላል፤ ሌላ ቋንቋ ከገባ ጥራት ይወርዳል። አምስቱንም መሠረት የሌላቸው ናቸው ብሎ ሞገታቸው። ክርክሩ ከወጣ ከ30 ዓመት በላይ ሆነው። እምነቶቹ ግን ጉባኤውንም ፊሊፕሰንንም ሰምቶ በማያውቅ ርእሰ መምህር አፍ ላይ፣ በማስታወቂያ ሰሌዳና በምልከታ ቅጽ ላይ በሕይወት አሉ።

ሁለተኛው እምነት በሕግም ተጽፎ ይገኛል። ደቡብ ኮሪያ ለቋንቋ መምህራን የምትሰጠው ኢ-2 የተባለ ቪዛ ለእንግሊዝኛ በመሠረቱ የሰባት አገር ዜጎችን ነው የሚመለከተው፦ አሜሪካ፣ ብሪታኒያ፣ ካናዳ፣ አየርላንድ፣ አውስትራሊያ፣ ኒውዚላንድ እና ደቡብ አፍሪካ። ከነዚህ አገሮች የአንዱ ፓስፖርት ያለው ሰው የመጀመሪያ ዲግሪው በሒሳብ አያያዝ ቢሆንም ማመልከት ይችላል። ዕድሜ ልኩን እንግሊዝኛ ሲያስተምር የኖረ የናይጄሪያ ወይም የፊሊፒንስ መምህር ግን በር ላይ ይቀራል። ቋንቋውን በጥረት የተማረ መምህር የቱ ጋ እንደሚያደናቅፍ ያውቃል፤ ራሱ ወድቆበታልና። ይህ ዕውቀት በየትኛው ቅጽ፣ በየትኛው መስመር ላይ እንደሚመዘን እስካሁን አላየሁም።

ለነገሩ ተማሪዎቹ እኛን ሲጠብቁ አልኖሩም። በ1990ዎቹ መጀመሪያ፣ በጦርነቱ መሃል፣ በስሪላንካዋ ጃፍና ያስተምር የነበረው ሱሬሽ ካናጋራጃ ትምህርቱ ሲያልቅ ተማሪዎቹ የተጠቀሙባቸውን አሜሪካ ሠራሽ የእንግሊዝኛ መጻሕፍት ገልጦ አየ። ኅዳጎቹ በሥዕልና በታሚል ጽሑፍ ተሞልተዋል፤ ፍቅር አለ፣ ፊልም አለ፣ ትግል አለ። ክፍል ውስጥ ጸጥ ብለው የተቀመጡት ተማሪዎች ከመጽሐፉ ጋር ሲከራከሩ ከርመዋል። ከዚህ ትምህርት ዘርፍ ያነበብኩት ሁሉ ቢጠፋና አንድ ነገር ብቻ ይቆይ ብባል ይህን ነበር የማስቀረው። ዕጩ መምህራንን «የዛሬውን ትምህርት ዓላማ ጻፉ» ከማለት ይልቅ የተማሪዎቻቸውን ደብተር ኅዳግ አንብበው እንዲመጡ ማድረግ ይቻላልና።

«ወላጅ ግን እንግሊዝኛ ነው የሚፈልገው» የሚል መልስ ይመጣል። እውነት ነው፤ ወላጅ ሞኝ አይደለም። ሥራ የሚገኝበትን ቋንቋ ልጁ እንዲያውቅ መፈለጉን የቅኝ ግዛት በሽታ ብሎ መሳደብ በቋንቋው እንጀራ የሚበላ ሰው ድፍረት ነው። ጥያቄው እንግሊዝኛ ይሰጥ አይሰጥ ሳይሆን በምን መንገድ ነው። ናይጄሪያ ኢፌ ላይ በ1970 የተጀመረው፣ ባብስ ፋፉንዋ የመሩት ሙከራ ሁለት ቡድኖችን አነጻጸረ። አንዱ ስድስቱንም የአንደኛ ደረጃ ዓመታት በዮሩባ ተማረ፤ እንግሊዝኛን እንደ አንድ ትምህርት ወሰደ። ሌላው በተለመደው መንገድ ከሦስት ዓመት በኋላ ወደ እንግሊዝኛ ተሻገረ። በዮሩባ የተማሩት በሌሎቹ ትምህርቶች በለጡ፤ በእንግሊዝኛም ወደ ኋላ አልቀሩም። የበዛ እንግሊዝኛ የተሻለ እንግሊዝኛ ያመጣል የሚለው ሒሳብ እዚያ ላይ አልሠራም።

እዚህ ላይ ግን የእኛ ወገን ክርክርም ይፈተሻል። በጁን 1976 የደቡብ አፍሪካዋ ሶዌቶ ተማሪዎች አደባባይ የወጡት ግማሹን ትምህርት የነጮቹ አገዛዝ ቋንቋ በሆነው በአፍሪካንስ እንዲማሩ በታዘዘው ትእዛዝ ምክንያት ነው። አፍሪካንስ ከለንደን የመጣ ቋንቋ አይደለም፤ እዚያው ምድር ላይ የተወለደ ነው። ቋንቋ አገር በቀል መሆኑ ብቻ ነፃ አውጪ አያደርገውም። ቤት ውስጥ አንድ ቋንቋ፣ በትምህርት ቤት የብዙኃኑን ቋንቋ፣ በላዩ ላይ እንግሊዝኛ የሚጠበቅበት ልጅ አለ። «የአፍ መፍቻ ቋንቋ ይከበር» ብለን ስንጮህ የማንን አፍ ማለታችን እንደሆነ እሱ ቢጠይቀን መልሳችን ምን ሊሆን ነው? እንጨቷን አንገት ላይ የሚያንጠለጥል እጅ ሁልጊዜ ከባሕር ማዶ አይመጣም።

በነገራችን ላይ፣ ስለዚህ ጉዳይ የሚጻፈው አብዛኛው ጽሑፍ በእንግሊዝኛ፣ ያውም የመንደር ትምህርት ቤት መምህር ከፍሎ በማያነበው መጽሔት ላይ፣ ሦስት ጊዜ ካልተነበበ በማይገባ ቋንቋ የሚጻፍ ነው። በትውልድ ሕንዳዊ የሆነው ምሁር ኩማራቫዲቬሉ በ2016 ያነሳው ወቀሳ ከዚህ አይርቅም፤ ለአሥርት ዓመታት ተጻፈ፣ ተተቸ፣ ሥራው ግን ከወሬው እኩል አልተጓዘም ነው ያለው።

በሥራ የታየ ነገር ግን አለ። ኒውዚላንድ ውስጥ በ1982 ኮሃንጋ ሬኦ የተባሉት የማኦሪ የሕፃናት ማዋያዎች ሲጀመሩ ቋንቋውን ያቆዩት አያቶች ነበሩና ሕፃናቱን በማኦሪ ያሳደጉት እነሱ ሆኑ። የማስተማር ዲፕሎማ አልነበራቸውም። ማን መምህር ይባላል የሚለው ጥያቄ በጽሑፍ ሳይሆን በተግባር ተመለሰ። ያቺ እንጨት ትንጠለጠልባት በነበረችው ዌልስም በ1990ዎቹ ሴን ዊሊያምስ የተባለ የትምህርት ባለሙያ ክፍል ውስጥ በአንዱ ቋንቋ ማንበብን፣ በሌላው መጻፍን ሆን ብሎ ለሚያቀናጅ ዘዴ ስም አወጣለት። ያኔ የሚያስቀጣው ነገር አሁን ሥልጠና ሆነ ማለት ነው።

ያቺን ዕጩ መምህርት ልምምዷን ከጨረሰች በኋላ አገኘኋት። «የዚያን ቀን ስወጣ ምን አልሻቸው?» አልኳት።

«መምህር፣ ቅጹ ላይ የማይጽፉት ከሆነ እነግርዎታለሁ» ብላ ሳቀች። «የተሸነፋችሁበትን ጨዋታ አስቡ አልኳቸው። በረኛው ባይወድቅ ኖሮ ምን ይሆን ነበር? እናንተም እኮ በቋንቋችሁ ያልሆነውን ነገር የምታወሩት ባለፈ ጊዜ ነው። እንግሊዝኛውም እንደዚያው ነው፤ ሌላ ምንም የለውም።»

ሙሉ የሰዋስው ትምህርት ነው። ሁለት ቋንቋ ያስተያየ፣ የልጁን ጥያቄ ከሥሩ የመለሰ፣ ከአንድ ደቂቃ በታች የወሰደ። በአንድ ቋንቋ ብቻ የሚኖር መምህር ይህን ማለት አይችልም። ባየሁት የመምህራን ሥልጠና ውስጥ ግን ይህን የሚያስተምር አንድም ክፍለ ጊዜ አልነበረም፤ ራሷ ናት ያገኘችው፣ ያውም ተደብቃ።

ከዚያ በኋላ ቅጹን አሻሽዬ አቀረብኩ። «በሚማሩት ቋንቋ ብቻ» የምትለውን መስመር ሰርዤ «የተማሪዎቹን ቋንቋዎች መቼና ለምን እንደተጠቀመች ማስረዳት ትችላለች» የሚል አስገባሁ። ከወራት በኋላ ቅጹ ተመለሰልኝ። የእኔ መስመር ተሰርዟል፣ የድሮዋ በእጅ ጽሑፍ ተመልሳለች፤ አጠገቧ «ደረጃን ለማስጠበቅ» የሚል ተጽፏል።

አሁንም ያንኑ ቅጽ ይዤ ከኋላ እቀመጣለሁ። ትምህርቱ እኩሌታ ላይ ሲደርስ ስልክ ተደወለልኝ ብዬ እወጣለሁ፤ አሥር ደቂቃ ሳልሞላም አልመለስም።